ሞተሩን ያጠፋችው ሰዓዳ

የሰዓዳ ልጅ ፈቲያ ደውላ «እማዬ ሞተች» ስትለኝ ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን እየጫኑ ነበር። ማለዳ ነው፤ ዲሴምበር ገብቶ ላስ ቬጋስም መብረድ ጀምራለች። «ምን አልሽ?» አልኳት። ደገመችልኝ። ሱብሒ ሰግዳ ትንሽ ጋደም ልበል ብላ በዚያው አልተነሳችም። ልቧ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ «ይሄ ወደ ተርሚናል ይሄዳል?» ብላ ስትጠይቀኝ «አዎ፣ ይግቡ» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። ሰዎቹን አድርሼ፣ ሻንጣቸውን አውርጄ፣ መልካም ጉዞ ብዬ፣ አውቶቡሱን ጥግ ላይ ፓርክ ካደረግሁ በኋላ ነው እንባዬ የመጣው።

በማግስቱ ተቀበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ እሰማለሁ። ደግ ነበረች ይላሉ፤ ተጫዋች ነበረች ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ የማውቃት ሰዓዳ ግን ከዚያ ትበልጥብኛለች። አሁንም ሳስባት ከናፍቆቴ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ስሜት አለ፤ ሰው እንዲህ መሆን ይችላል ለካ የሚያሰኝ።

ሰዓዳ የደሴ ልጅ ናት። ሁለታችንም የምንሠራው ኤርፖርቱ ውስጥ ነበር፤ መንገደኞችን ከተርሚናል ወደ መኪና መከራያው፣ ከመኪና መከራያው ወደ ተርሚናል የሚያመላልሱትን ሻትሎች እንነዳለን። ከእኔ በአሥር ዓመት ገደማ ትበልጣለች። ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ወፍራም። ስትስቅ የመጨረሻው ወንበር ላይ ስልኩን የሚነካካ ተሳፋሪ ሳይቀር ቀና ይላል። ባሏን በሞት ካጣች ቆይታለች፤ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ከምትሠራው ልጇ ከፈቲያ ጋር ነበር የምትኖረው።

ሥራ የጀመርኩት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መግቢያ ላይ ነው፤ እንድታሠለጥነኝ የተመደበችውም እሷ ነበረች። «እርስዎ እዚህ ብዙ ቆይተዋል?» ብዬ በትሕትና ስጠይቃት፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣

«እርስዎ ካልሽኝ ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ላይ አወርድሻለሁ» አለችኝ።

ያን ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር። እኔ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቻለሁ። መንገድ ላይ ሳለን ድንገት ፊቷ ቀላ፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ የሂጃቧ ጠርዝ ሲርስ አየሁት። መስኮቱን ከፈተችና ብርዱን እንደ ውኃ ጠጣችው።

«አመመሽ እንዴ?» አልኳት ደንግጬ።

«አብሽሪ፣ አላመመኝም። ሟቿ ናት።»

«የቷ ሟች?»

«ኤስትሮጅን የምትባል ሆርሞን አለች አይደል፤ እሷ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ማህፀኔ ውስጥ ዕጢ ተገኘና ኦፕራሲዮን ሆንኩ። የዘር እንቁላል የሚያመነጩትን ኦቫሪዎቼንም አብረው አወጧቸው። ሌላ ሴት ሃምሳ አካባቢ ሲደርስ ቀስ እያለ የሚመጣው ማረጥ እኔ ላይ በአንድ ጀምበር መጣ። ሟቿ በዚያው ሄደች፤ እኔ ግን ይኸው እስካሁን ሐዘን ላይ ነኝ።»

ይህን ያለችው ተሳፋሪ ጭና እየነዳች፣ የምሳ ወሬ በምታወራበት ድምፅ ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት የወር አበባ ስሙ አይጠራም። እናቴ መቼ እንዳረጠች፣ ስታርጥ ምን እንደተሰማት አላውቅም፤ የዚያን ሰሞን ምንም ሳይነኳት ትቆጣ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል። የማላውቃት ሴት በተዋወቅን በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ስታወራኝ ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ። እሷ ግን መስኮቱን መልሳ ዘጋችና ስለ መታጠፊያዎቹ ማስረዳቷን ቀጠለች።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ኤርፖርቱ ኦና ሆነ፤ አብዛኞቻችን ከሥራ ተቀነስን። ወደ መኸር ገደማ መልሰው ሲጠሩን ሰዓዳ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀችኝ። ከአውቶቡሱ ወርዳ ሻንጣ ስታነሳ ትንፋሿ ያጥራል። የዚያን በጋ የካሊፎርኒያ ደን ተቃጥሎ ጭሱ ከተማችን ላይ ተኝቶ ከርሞ ነበር፤ ቬጋስ ዙሪያዋን ተራራ ነው፤ አንዴ የገባባት ጭስ ቶሎ አይወጣም።

«እኔ እኮ ጭስ ውስጥ ነው ያደግሁት» አለችኝ አንድ ቀን። «እንጨት ሲነድ እንኳን ላስል ዓይኔን አላሽም ነበር። አሁን አንድ አውቶቡስ አጠገቤ ሞተር ካስነሳ ደረቴ ይታፈናል፤ ልቤ ይደልቃል፤ ማታ ጉልበቴና የጣቶቼ መገጣጠሚያ ይቆጣሉ። ሟቿ ብትኖር ኖሮ ይሄ ጭስ አይደፍረኝም ነበር።»

ሌላም ነበረባት። የምትበላው ሳይጨምር ሆዷ ገፋ፤ የሱሪዋ ወገብ እምቢ አለ። ስኳሯ መጨመር ጀመረ። አንዱ ሐኪም ዕድሜ ነው አላት። ሌላው ውፍረት ቀንሺ አላት። ሦስተኛው ጭንቀት ነው ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጣት። ሰዓዳ ከአንዳቸውም ጋር አልተጣላችም። አመስግና ትወጣና ሌላ ቀጠሮ ትይዛለች። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው በኋላ ተስፋ እቆርጥ ነበር።

በሁለት ሺህ ሃያ አንድ ጸደይ ላይ ዳውንታውን አካባቢ አንዲት ሐኪም አገኘች። እንግሊዝኛዋ የማያንስ ቢሆንም «ሁለት ጆሮ ይሻላል» ብላ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ በዕድሜ የገፋች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ወንበሯን ወደ ሰዓዳ አስጠጋችና መጀመሪያ የጠየቀቻት፣

«ኦቫሪዎችሽ የወጡት በስንት ዓመትሽ ነው?» ብላ ነው።

ሰዓዳ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እስከዚያን ቀን ይህን የጠየቃት አልነበረም።

ሐኪሟ ያስረዳቻትን እስካሁን አልረሳሁትም። ኤስትሮጅን ሥራዋ መውለድ ላይ ብቻ አይደለም አለች። ሰውነት ስቡን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ስኳሩን እንዴት እንደሚጠቀምበት እሷም ታዝዛለች። የደም ሥር እንደ ልብ እንዲሰፋና እንዲጠብ ትረዳለች። ሰውነት ሲቆጣ ከመጠን እንዳያልፍ ታበርዳለች። እሷ ስትሄድ ስቡ ወደ ሆድ ይሰበሰባል፤ የሆድ ስብ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ራሱ ሰውነትን የሚያስቆጣ ነገር ይረጫል።

«ጭሱስ?» አለች ሰዓዳ።

«በጭሱ ውስጥ በዓይን የማይታይ ብናኝ አለ። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባና ሰውነትን ያስቆጣል፤ ቁጣው እስከ ደም ሥርና እስከ ልብ ይደርሳል። የማንንም ሰውነት ያስቆጣል። ያንቺ ግን ቀድሞውኑ የተቆጣ ነው፤ የሚያበርድለትም ቀንሷል። ሴቶች ካረጡ በኋላ የተበከለ አየር ይበልጥ ሳይጎዳቸው አይቀርም የምንለው ለዚህ ነው። ገና እየተጠና ያለ ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉን አውቃለሁ አልልሽም። የምትነግሪኝን ግን አምንሻለሁ።»

ሰዓዳ የሆርሞን መድኃኒት ይሰጠኝ ወይ ብላ ጠየቀች። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ስለነበር ለእሷ እንደሚያሰጋ ሐኪሟ ነገረቻት። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት አዘዘችላት፤ አየሩ ንጹሕ ሲሆን እንድትራመድ፣ ሲጨስ ከቤት እንዳትወጣ መከረቻት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ልቧ እንደሚያሰጋት ሳትደብቅ ነገረቻት። «የሴት ልብ ሲታመም ሁልጊዜ ደረት ላይ አይደለም የሚናገረው» አለቻት። «ጀርባሽን፣ መንጋጋሽን፣ ጨጓራሽን ሊመስልሽ ይችላል። ያልተለመደ ድካም ሊሆን ይችላል። ያኔ ጠብቄ ልየው አትበይ።»

መኪና ውስጥ ገባን። የሰማችው ቀላል ነገር አልነበረምና ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ፈልጌ ነበር።

«ሂሩት» አለችኝ፤ «እብድ አይደለሁም ማለት ነው።»

ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ነበር። ልብሽ ያሰጋል ተብላ ወጥታ የምትደሰት ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

በጋው መጣ። ተራችን እስኪደርስ አውቶቡሶቹን ደርድረን የምንቆምበት ቦታ የፓርኪንግ ሕንፃው ሥር ነው፤ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ንፋስ የማያገኘው። ድሮ ብሬካችንን የምንወስድባት አንዲት የማረፊያ ክፍል ነበረችን፤ በኮሮና ምክንያት ተቆልፋ ቀርታለች። ውጪው ከአርባ ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ሹፌሩ ሁሉ ሞተሩን ሳያጠፋ ኤሲ ከፍቶ አውቶቡሱ ውስጥ ይቀመጣል። የሁሉም ጭስ ጣሪያው ሥር ይታመቃል።

አንድ ቀን ሺፍት ስንቀያየር ሱፐርቫይዘራችን ሬይ ሰብስቦን ስለ ጭንብል ሲናገር፣ «ጥያቄ ያለው?» አለ። ሰዓዳ እጇን አወጣች። ሜክሲኳዊ፣ ፊሊፒናዊ፣ ሐበሻ፣ አብዛኛው ወንድ የሆነ ሹፌር ክብ ሠርቶ ቆሟል። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች፤

«እኔ ኦቫሪ የለኝም። ካረጥኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ሐኪሜ ይሄ ጭስ ከሌላው ሰው ይልቅ ልቤን ይጎዳዋል ብላኛለች። ያረጠች ሴት ሁሉ ይመለከታታል፤ እዚህ መካከልም እኔ ብቻ አይደለሁም። ስንቆም ሞተር እናጥፋ። የማረፊያ ክፍሉም ይከፈትልን።»

ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። መጀመሪያ አፋቸውን የከፈቱት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ከሁላችንም አንጋፋ ናቸው፤ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ግሪን ቫሊ የሚባለው ደህና ሰፈር ቤት ገዝተው፣ ልጆች ያስመረቁ፣ ሐበሻው ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው።

«ኧረ በማርያም፣ ሰዓዳ» አሉ በአማርኛ። «ይሄ በአደባባይ የሚወራ ነገር ነው? የሴት ጉዳይሽን ለሴቶች ንገሪ።»

«ጋሽ ታደሰ፣ ጭሱ ያለው አደባባይ ላይ ነው፤ ታዲያ የት ልናገረው? ደግሞ የእኔ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእርስዎም ባለቤት ጉዳይ ነው።»

«ሚስቴን ከዚህ አውጪልኝ» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ።

ፊሊፒናዊው ሹፌር በጨዋነት፣ «ሞተሩን ካጠፋሁ እኮ እቀቀላለሁ» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «እዚህ ካላችሁት ሁሉ ይበልጥ የሚሞቀኝ እኔ ነኝ። ክፍሉ ይከፈት የምለው ለዚህ ነው።»

ሬይ ክፉ ሰው አይደለም። ትእዛዙ ከላይ የመጣ ነው፤ በእኔ እጅ አይደለም አለና ስብሰባው ተበተነ። እኔም ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ብሬካችን ላይ ሰዓዳ አውቶቡሷን አቆመች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ ከቤቷ ይዛ የመጣችውን ታጣፊ ወንበር ከመደዳው ጫፍ፣ ከጭሱ ራቅ አድርጋ ዘረጋችና ተቀመጠች። አንድ ፎጣ ውኃ ነክራ በሂጃቧ ሥር አንገቷ ላይ ጠመጠመች። ማንንም አልተናገረችም፤ ማንንም አላየችም። ትንሽ እንደቆየች ያ ሙቀቷ መጣባት። ከውጪ አርባ ዲግሪ፣ ከውስጥ የራሷ እሳት። ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ ላቡ ከአገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ የአላህን ስም እየጠራ ዝክር እያለ፣ እስኪያልፍ ጠበቀች። ሲያልፍ ፎጣዋን ጨመቀችና እንደገና ነከረች። እኔ ኤሲዬ ሥር ተቀምጬ በመስታወቱ አያታለሁ። ኤሲ ከሁላችን ይልቅ የሚያስፈልጋት ሰው ናት ኤሲዋን ያጠፋችው።

ሄጄ «ሰዓዳ፣ ራስሽን ልትገድይ ነው እንዴ? ነይ እኔ ጋ ግቢ» አልኳት።

«ያንቺም ሞተር እየሠራ ነው እኮ» አለችኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንዲያው ነገሩን ለማስታወስ ያህል።

ተመልሼ አጠፋሁት። በሌላው ቀን ፊሊፒናዊው አጠፋና የዓሣ ማስገሪያ ወንበሩን ይዞ አጠገባችን መጣ። ከዚያ ሁለቱ ሜክሲኳውያን። ላባችንን እየጠረግን፣ ጭንብላችንን እያስተካከልን፣ ሐብሐብ ቆርጠን እየተካፈልን መቀመጥ ሆነ። ሰዓዳ ታሥቀናለች። «ሟቿ» የሚለውን ቃል ለፊሊፒናዊው አስተምራው፣ ሙቀቱ ሲመጣባት ከሩቅ ሲያያት «ሟቿ? ሟቿ?» እያለ ውኃ ያቀብላታል።

አንድ ከሰዓት ሬይ ውኃ ይዞልን መጣና እሱም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሰዓዳ ሙቀት ያኔ መጣ። ፊቷ ሲለወጥ፣ የወንበሩን ክንድ ስትይዝ፣ ትንፋሿን ስትቆጥብ ከቅርብ አየ። መደዳውን አየ፤ ሞተራቸው የሚሠራውን የቀሩትን አውቶቡሶች አየ። ከዚያ ተነሳ፤ ከወገቡ ቁልፉን ፈትቶ ሄደና የማረፊያ ክፍሉን ከፈተው።

«ከላይ የሚመጣ ነገር ካለ እኔ እመልሳለሁ» አለ። «መስኮቶቹን ክፈቱ፤ ተራርቃችሁ ተቀመጡ፤ ሞተር ግን ጠፍቶ።»

ማንም አላጨበጨበም። ወንበሮቻችንን አጥፈን ገባን። ጋሽ ታደሰ ብቻ አውቶቡሳቸው ውስጥ ቀሩ። ሞተራቸውን አላጠፉም። ሰዓዳ ምንም አላለቻቸውም፤ በአጠገባቸው ስታልፍ ግን እንደ ወትሮዋ «እንዴት አደሩ ጋሽ ታደሰ?» ትላለች፤ እሳቸውም በራሳቸው ነቀነቅ አድርገው ይመልሳሉ።

በበጋው መጨረሻ የካሊፎርኒያ ጭስ እንደገና መጣ። ያን ሰሞን ተራሮቹ ጠፉ፤ ፀሐይዋ ቀይ ሳንቲም መሰለች፤ የካዚኖዎቹ ሕንፃዎች ከኤርፖርቱ አጠገብ ሆነው እንኳን በጉም ውስጥ ያሉ ይመስሉ ነበር። ሰዓዳ በሐኪሟ ወረቀት ጥቂት ቀን ቤት ቀረች፤ ትንሽ ሲሻል ተመለሰች። በተመለሰችበት ቀን ሺፍታችንን ጨርሰን ስንወጣ ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው።

«ሰዓዳ» አሉ። መሬት መሬት እያዩ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ወርቅነሽ ... ባለቤቴ ... ጭሱ ከመጣ ጀምሮ ደህና አይደለችም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ጨጓራዬ ነው እያለች እምቢ አለችኝ። ለእኔ አትነግረኝም። አንቺን ... አንቺ ብታነጋግሪያት።»

ያቺ ሴት ያን ጊዜ አንድ ቃል መልሳ ብትናገር ማንም አይፈርድባትም ነበር። በቃልም በዓይንም አልመለሰችላቸውም።

«አሁኑኑ እንሂድ» አለች። «ሂሩት፣ አንቺ ንጂ።»

እትዬ ወርቅነሽ ሳሎን ሶፋው ላይ ትራስ ደግፈው ነበር ያገኘናቸው። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ንጹሕ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። እንግዳ ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ። ሰዓዳ ምንጣፉ ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጠች፤ እጃቸውን ያዘች፤ ጋሽ ታደሰን ደግሞ ወጣ ይበሉ አላለቻቸውም።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ምንም አይደል፤ ጨጓራ ነው።»

«ጀርባዎንስ?»

እትዬ ወርቅነሽ ባላቸውን አየት አደረጉ። «ጀርባዬን ያዝ ያደርገኛል» አሉ።

«መንጋጋዎን?»

«በምን አወቅሽ?»

«ለእኔ የተነገረኝ ነው። ደረጃ መውጣትስ?»

«ከጭሱ ወዲህ ፎቅ ወጥቼ አላውቅም። እዚህ ነው የማድረው። ለታደሰ ወገቤን ነው ብዬዋለሁ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ካረጥኩ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ እኮ፣ ልጄ። አንዴ ያልበኛል፣ አንዴ ልቤ ይመታል፤ ሰውነቴ የእኔ አይመስለኝም። ሴት ልጅ ስታረጅ እንዲህ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማን ይጠየቃል?»

«ዛሬ እኔን ጠይቀዋል» አለች ሰዓዳና ስልኳን አወጣች። ጋሽ ታደሰ ቁልፋቸውን አንስተው «እኔው ልውሰዳት፣ ቅርብ ነው» ሲሉ ራሷን ነቀነቀች። «መንገድ ላይ ልባቸው ቢቆም እርስዎ ምን ያደርጋሉ? አምቡላንስ ነው የሚመጣው።» እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አለቀቀችም። ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆመው፣ ያን ሁሉ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ሴት ለአንዲት የሥራ ባልደረባቸው የሚነግሯትን ይሰሙ ነበር። ያን ፊታቸውን መቼም አልረሳውም።

ልባቸው ነበር። አንዱ የደም ሥር ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ሐኪሞቹ ከፈቱት። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ብለው የነገሩንን አልደግመውም። ከሆስፒታሉ በር ላይ ሰዓዳ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ሳገኛት ትንፋሿ ተቆራርጧል፤ ያን ቀን ሙሉ ጭስ ውስጥ ስንሯሯጥ ነው የዋልነው። «አንቺስ? ደህና ነሽ?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እኔ የት እንዳለሁ አውቀዋለሁ። እሳቸው ናቸው ያላወቁት።»

ጋሽ ታደሰ ወደ ሥራ ሲመለሱ አውቶቡሳቸውን መደዳው ላይ አቆሙ፤ ሞተሩን አጠፉ፤ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ገብተው ከሰዓዳ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እሷም አልጠበቀችም። የተላከላትን ምሳ ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ወርቅነሽ ናት» አሉ። «ዘይት ቀንሼ ነው የሠራሁት በላት ብላኛለች።»

ከዚያ በኋላ ስልኳ አላረፈም። ከቤተ ክርስቲያን እትዬ ወርቅነሽ የላኳቸው፣ ከመስጊድ የሷው ጓደኞች፣ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ የካዚኖ ሲጋራ ጭስ ውስጥ የሚውሉ ሴቶች ይደውሉላታል። ብሬኳ ላይ ተቀምጣ ስታናግራቸው እሰማለሁ። አንዲቷን ታሥቃታለች፣ አንዲቷን ትቆጣታለች፣ ለሁሉም ግን የምትላቸው አንድ ነገር አለ፤ «ለሐኪምሽ የወር አበባሽ መቼ እንደቆመ ንገሪው። ባይጠይቅሽም ንገሪው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሄደሽ ንገሪ ነው የምልሽ።» ራሷ የታመመች ሴት፣ ልቧ እንደሚያሰጋ ተነግሯት የምትኖር ሴት፣ ያን ሁሉ ሰው ስታበረታ አንድም ቀን ለራሷ ስትፈራ አላየሁም። አንዴ ጠይቄያት፣ «እፈራለሁ እንጂ» አለችኝ፤ «ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬ መሬት ሲነካ ነው የምፈራው። ከዚያ እነሳለሁ።»

የሄደችው እንዲህ ነው፤ ከሱብሒ በኋላ። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ መራመዷን ሳትተው። ፈቲያ ለሐኪሟ ደውላ ምን አጎደልን ብላ ስትጠይቃት፣ ያጎደላችሁት ነገር የለም፤ ልቧ ለረጅም ጊዜ ብዙ ተሸክሟል አለቻት።

ለቅሶ የተቀመጥነው እነ ፈቲያ ቤት ነው። ወንዶቹ በወዲያኛው ክፍል፣ ሴቶቹ በወዲህኛው፤ በመካከል በሩ ክፍት ነው። ነጠላ የለበሱም ሂጃብ የለበሱም ምንጣፉ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። አንዲት ከሆቴል ሥራዋ በቀጥታ የመጣች ሴት ወደ እትዬ ወርቅነሽ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው ጠየቀቻቸው። እትዬ ወርቅነሽ መናገር ጀመሩ፤ ስለ መንጋጋቸው፣ ስለ ጀርባቸው፣ ካረጡ በኋላ ሰውነታቸው እንዴት እንደተለወጠ፣ ማንም ሳይነግራቸው ስንት ዓመት እንደፈሩ። ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። ሴቶቹ እየተጠጉ ከበቧቸው። የሰዓዳ የአክስት ልጅ ወንዶቹ እንዳይሰሙ ብላ ተነሳችና በሩን ልትዘጋ እጀታውን ያዘች።

«ተዪው» አሏት እትዬ ወርቅነሽ። «ይስሙ።»

እናም ካቆሙበት ቀጠሉ። በወዲያኛው ክፍል ይሰማ የነበረው የወንዶቹ ወሬ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።